ለአሮጊቷ የማይሆን ቀለበት

መኪና የሚነዳው በመሪ የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ። አይደለም። መኪና የሚነዳው በይሉኝታ ነው። ይህን ያወቅሁት ልጄ ይስማው ለትዳር ሽማግሌ ሊልክ ሽር ጉድ ባለበት ሰሞን ነው።

ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ይስማው ያልኩት እግዚአብሔር ጸሎቴን ሰማኝ ለማለት አይደለም፤ ልጁ እኔን ይስማኝ ብዬ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ጠበቅሁ። አሁንም እየጠበቅሁ ነው።

ያለችን መኪና አንዲት ናት። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጨረታ የገዛት ናት። ገና ስትገዛም አርጅታ ስለነበር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አሮጊቷ» አልናት፤ ስም መቀየር ሳያስፈልገን ሃያ ዓመት አብራን ኖረች። ጠዋት ስትነሳ ታስላለች። ዳገት ላይ ታቃስታለች፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እኛ እናቃስታለን። ግን መንገድ ላይ ጥላን አታውቅም። ይስማው መንዳት የተማረው በእሷ ነው፤ ከጎረቤቶቻችን አጥር ጋር አንድ በአንድ የተዋወቀውም በእሷ ነው።

የሚያገባት ልጅ ትርንጎ ትባላለች። ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። ስትወጋ አያምም ይላሉ። እኔን ወግታኝ አሞኛል፤ የልጅ ሚስት ልትሆን ነውና ግን አልተናገርኩም። አባቷ አያ መኳንንት የኮላ ድባ ሰው ናቸው፤ የደንቢያን ጥቁር አፈር እያረሱ ስድስት ልጅ ያስተማሩ፣ በሽምግልና የሚፈሩ ሰው። የትርንጎን ታላቅ እህት የጠየቁትን ሽማግሌዎች «ዘመድ ላማክር» እያሉ አራት ጊዜ አመላልሰዋቸዋል ይባላል። መቼም በመጀመሪያው ቀን «እሺ» የሚል አባት የለም፤ ልጁን ሊጥላት የፈለገ ይመስልበታል። አራት ጊዜ ግን ሽምግልና ሳይሆን ሱባኤ ነው።

የእነዚያ ሽማግሌዎች መኪና የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና ያልተነሳለት አዲስ ነበር ተብሎ ተወራ። ይስማው ይህን ሰማ። የማይሰማው እኔን ነው እንጂ ወሬ ይሰማል።

«እኛ በአሮጊቷ ሄደን ምን ሊሉን ነው?» አለኝ።

«መጡ ይሉናል» አልኩት።

በዚያው ሰሞን አንድ የሀብታም ልጅ ሁለት በር ብቻ ያላትን፣ ሆዷ መሬት የሚልሰውን የእሽቅድምድም መኪና አምጥቶ አዘዞ ኩርባው ላይ ገለበጣት። ልጁ ተረፈ፣ ይመስገን። መኪናዋ ግን ከአራት እግሯ በቀር የተረፈላት ነገር አልነበረም። የእኔ ብልህ እግሮቹን ገዝቶ መጣ። የሟች ጫማ መግዛት ማለት ይህ ነው።

«እማዬ፣ እያቸው!» አለ፤ ቸርኬዎቹን በግቢው ደርድሮ በካኒቴራው እየወለወለ። ቸርኬ ማለት ጎማው የሚለብስበት ብረት ነው፤ የእነዚህ ግን ብረት ሳይሆን መስታወት ነው የሚመስለው። «አሮጊቷም ያቺኛዋም አንድ ፋብሪካ ነው የሠራቸው። እህትማማቾች ናቸው በያቸው።»

«እኔና እህቴ ከአንድ ማኅፀን ነው የወጣን፤ የእሷ ጫማ ግን እኔ እግር ላይ ገብቶ አያውቅም።»

«ቡሎኑን ቆጥሬዋለሁ እኮ! ያም አራት፣ ይህም አራት።»

እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። እስከ አራት መቁጠር ግን እኔም እችላለሁ። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተማርኩት ከአራት በኋላ ያለውን እንዲያስብልኝ ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ ማሩ የሚባል ጎሚስታ አለ። ጎማ መለጠፍ ሲማር «አይቻልም» የሚለውን ቃል ሳይነግሩት ያለፉት ሰው ነው። «አይቻልም» ከማይል ባለሙያ ይሰውራችሁ። ማሩ አሮጊቷን በክሪክ አንስቶ የገዛ እግሮቿን አወለቀና አዲሶቹን አጠለቀላት። ጎማቸው ሰፊ ስለሆነ መሪው ሲዞር ከላይ ያለውን ፓራፋንጎ ይፍቀው ጀመር። ማሩ መዶሻ አነሳ።

«ምነው፣ ምን አጠፋች?» አልኩት።

«እትዬ፣ ጠርዟን ትንሽ ወደ ውስጥ ላስገባላት ነው።»

ጫማው አልሆን ሲል እግር በመዶሻ የሚያስተካክል ባለሙያ ያን ቀን አየሁ። ሲጨርስ ሁላችንም ራቅ ብለን ተመለከትናት። ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ያደረገች መነኩሲት መስላለች። ይስማው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በደስታ። የእኔም አቀረረ፤ በሌላ።

የድሮ እግሮቿን ማሩ በማግሥቱ ለአንድ ጋሪ ነጂ ሰጣቸው። «ከእንግዲህ ምን ይሠሩላችኋል?» ነው ያለው።

ልንሞክራት ወደ አዘዞ ወረድን። ፍጥነቷ አርባ ላይ እስኪደርስ ሰው ነበርን። ከዚያ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የይስማው እጅ ወባ እንደያዘው ሰው ተርገፈገፈ፤ ጉንጩ ሳይቀር ይዘል ነበር።

«መ-መ-መንገዱ ነው» አለኝ።

በዚያ መንገድ ሃያ ዓመት ሄጄበታለሁ። መንገዱ ራሱ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

ማሩ ጆሮውን አከከና በሽታዋን ተናገረ። ቸርኬው መሐል ላይ ያለው ቀዳዳ የተሠራው ለዚያችኛዋ፣ ለአዲሷ መኪና ነው፤ ሰፊ ነው። የአሮጊቷ እምብርት ደግሞ ቀጭን ነው። እግሩ መሐል ላይ የሚይዘው ስላጣ ይዋልላል።

«በመሐላቸው ቀለበት መግባት አለበት» አለ። «ቶርኖ ቤት ይቀረጽልኛል። ቀለበት ከገባላት ቀጥ ብላ ትሄዳለች።»

እኔም በሆዴ፣ ስለ ወንዱም እንዲሁ ይባላል፤ እናያለን አልኩ።

ቀለበቱ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ይደርሳል ተባለ። የሽማግሌው ቀጠሮ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የሽማግሌ ቀጠሮ አይሰበርም። ማሩ ግን ለዚህም መላ ነበረው። «እናንተ ቀስ እያላችሁ ቅደሙ፤ እኔ ቀለበቱን ይዤ በሞተር እደርስባችኋለሁ።»

የልጅ እናት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም፤ ነውር ነው። እኔ ግን ነውሩንና መሪውን ሳመዛዝን መሪው ባሰብኝ። «ኮላ ድባ ገበያ ነጭ ሽንኩርት ልገዛ ነው» ብዬ ተሳፈርኩ። ጎንደር ነጭ ሽንኩርት የጠፋ ይመስል ማንም ምንም አላለኝም። ሹፌራችን ይስማው ነው፤ ልጅቷ ቤት ሳይደርስ ሽማግሌዎቹን አውርዶ ሊደበቅ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ጎረቤታችን አያ ጥሩነህ፣ የይስማው የክርስትና አባት ናቸው፤ ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ የሚያነጋግሩት መንደሩን ሁሉ በሚያሰማ ማጉያ ነው። ሁለተኛው የነፍስ አባታችን፣ ሦስተኛው የባለቤቴ ወንድም።

አዘዞን አልፈን ወደ ደንቢያ ስንታጠፍ መንቀጥቀጡ ጀመረን።

«ልጄ፣ ይቺ ማኪና ምነው?» አሉ አያ ጥሩነህ። «በርዷት ነው?»

«አሁን ይተዋታል፣ አያ።»

የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ጨብጠው እግዚኦታ ጀመሩ። ይስማው ፍጥነት ሲጨምር እግዚኦታውም ይፈጥናል፤ ቀስ ሲል እሳቸውም ቀስ ይላሉ። በኋላ በፍርሃት ከሃያ በላይ መንዳት አቆመ። ጤፍ የጫኑ አህዮች ቀደሙን። አንዷ ካለፈችን በኋላ ዞር ብላ አየችን፤ አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የእሽቅድምድም ጎማ ወርዱ ቢሰፋም ብረቱን የሚያለብሰው ላስቲክ ስስ ነው፤ ከንፈር እንጂ ጎማ አይባልም። የሚሽቀዳደሙበት አገር ጉድጓድ የለም መሰል። ኮላ ድባ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን፣ ከአንዲት ድልድይ አጠገብ፣ የግራ የፊት እግሯ ጉድጓድ ገባና «ጧ!» አለ። ሁለት ቡሎን ተቆረጠ። አሮጊቷ በአንድ ጉልበቷ ተንበረከከች። በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ ጣለችን።

ወርደን ቆምን። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሽማግሌ ሲዘገይ የልጅቷ ቤተሰብ «ናቁን» ይላል፤ የተናቀ አባት ደግሞ ዘመድ አማክሮ ሳይሆን ለውሻ ነግሮ ነው የሚመልሳችሁ። ይስማው ፊቱ አመድ መሰለ። «እማዬ፣ ትርንጎን አጣኋት» አለኝ። ስድስት ዓመት የጠበቃት ልጅ ናት። ልቆጣው ነበር፤ ፊቱን በነጠላዬ ጠረግኩለት።

በዚህ መሐል ከኋላችን ድምፅ የሌላት ጋሪ መጣች። ወተት ላይ እንደምትንሳፈፍ ቅቤ ነው የምትሄደው።

«ወይ ግሩም! ይቺስ ሸጋ አካሄድ አላት» አሉ አያ ጥሩነህ።

እግሮቿን አየሁ። ባለቤቴ እንዳይሰረቁ ብሎ በነጭ ቀለም መስቀል የሳለባቸው የአሮጊቷ እግሮች ናቸው። ጋሪ ነጂው ፈረሱን አቁሞ «ኮላ ድባ ነው? ውጡ!» አለ። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን አያ መኳንንት ቤት በመኪናችን ሄዱ ብል ውሸት አይሆንብኝም፤ ከጎማው በላይ ያለው ብቻ ነው የቀረው።

እኔና ይስማው ከአሮጊቷ ጋር ቀረን። ብዙም ሳይቆይ ማሩ በሞተር ደረሰ፤ ቀለበቱን ከፍ አድርጎ እያሳየን። እግሩን አወለቀ፣ ቡሎን ለወጠ፣ ቀለበቱን ቸርኬው ውስጥ ከተተ። ልክክ አለ። ከዚያ አሮጊቷ ላይ ሊያጠልቀው ሄደ። ቀለበቱ እምብርቷ ላይ ገብቶ እንደ አምባር ተሽከረከረ።

«ውይ!» አለ ማሩ። «ቶርኖው የለካው የአዲሷን ቸርኬ ብቻ ነው፤ የአሮጊቷን እምብርት አልለካም።»

ይስማው ከሥሯ ገባ። እኔ ያለኝ አንድ ተስፋ ጋሪዋ ተመልሳ ከተማ እንድታደርሰን ነው። ስለዚህ ለአያ ጥሩነህ ደወልኩ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ከወዲያ በኩል ምን እንደነበር የነገሩኝ የነፍስ አባታችን ናቸው። ሽማግሌዎቹ ቤቱ ውስጥ እንደ ደንቡ ቆመዋል፤ ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አይቀመጡም። የይስማው አጎት ልጁን አመስግነው፣ አመስግነው፣ መልአክ አድርገውታል። «እንግዲህ ልጅዎን ለልጃችን...» ከማለታቸው የአያ ጥሩነህ ስልክ ጮኸ። አያ ጥሩነህም እንደ ልማዳቸው በማጉያው ከፈቱት።

«አያ ጥሩነህ! ቀለበቱ አልሆነም!» አልኩ፤ ጆሯቸው እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

«ምን?»

«ቀለበቱ! የለኩት ለአዲሷ ነው! ለአሮጊቷ አይሆንም!»

በዚህ ጊዜ አያ መኳንንት ስልኩን ከአያ ጥሩነህ እጅ ወሰዱት። እኔ በምን አውቄ? ድምፁ ትንሽ ወፈረብኝ፤ የጋሪው አቧራ ነው ብዬ አለፍኩት።

«አሮጊቷ ደግሞ ማን ናት?» አለኝ ድምፁ።

አዘንኩ። ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ የሽማግሌውን አእምሮ ነክቶታል አልኩ።

«ምነው አያ፣ አሮጊቷን ረሷት? ሃያ ዓመት እኛ ቤት የኖረችውን!»

«ከልጁ ጋር?»

«ከሱ ጋር ነዋ! ከሷ ሌላ ምን ያውቃል? ተዋት፣ አዲስ ያዝ ብንለው ዓመት ሙሉ እንቢ ብሎ ኖሮ አሁን ነው ያፈረባት። እንዳትሸጥ ደግሞ ፈላጊ የለም።»

«ትሸጥ!»

«ማን ይገዛታል? ሌሊቱን ብርድ ካገኛት እስከ ረፋድ ታስላለች፤ ጭስ ትተፋለች።»

«እሺ፣ አዲሷስ የት አለች?»

«አዲሷማ ሞተች አይደል! አዘዞ ላይ ተገልብጣ። እግሮቿን ብቻ ነው የገዛነው። አንዱ ይኸው ዛሬ ተሰበረ።»

ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት «በስመ አብ ወወልድ!» ስትል ሰማሁ። የሆነ ነገር ተከሰከሰ።

«እመት» አለ ድምፁ፣ ቀስ ብሎ። «የሚያወሩት ስለ ማኪና ነው?»

«ታዲያ ስለ ሙሽራ ላወራ ነው?»

ሳል የመሰለ ነገር ሰማሁ። አሁን ሳስበው ሳቅ ነበር።

«እንዲያው እመት፣ ልጁ ግን እንዴት ያለ ነው?»

ክርስትና ያነሱት አያ ጥሩነህ የይስማውን ጠባይ እኔን መጠየቃቸው አስገረመኝ። ቢሆንም ሽማግሌ ጠይቆ ዝም አይባልም።

«ያው ነው፤ ልቡ ሸጋ ነው፣ ጆሮ ነው የሌለው። የሰው ዓይን ይፈራል። በአሮጊቷ እንዳለች ቢመጣ ምን ነበረበት? አያ መኳንንትን ፈርቶ እኮ ነው። እሳቸውም ቢሆኑ ያበዙታል። ሽማግሌ አራት ጊዜ የሚያመላልስ ሰው ጤነኛ ነው?»

«አይደለም» አለ ድምፁ።

አያ ጥሩነህ እንዲህ ቶሎ ተስማምተውኝ አያውቁም። ልቤ ሞቀና ቀጠልኩ።

«ይቆጣል፤ ግን ቂም የለውም። ይሳሳታል፤ ግን ያበላሸውን ሳይጠግን እህል አይቀምስም። አሁንም ይኸው አንድያ ልብሱን ለብሶ ከሥሯ ተኝቷል። ሽሮ መሥራት አይችልም፤ እችላለሁ ካለዎት አይመኑት።»

«የት ናችሁ?»

«ድልድዩ ጋ።»

«ጋሪዋ ትመጣለች።»

መጣችም። አያ ጥሩነህና የይስማው አጎት ከኋላ፣ የነፍስ አባታችን ከመሐል፣ ከፊት ደግሞ ነጭ ጋቢ የደረቡ ረጅም ሰው ተቀምጠዋል። እኔ ወደ አያ ጥሩነህ ሮጥኩ።

«ምነው አያ፣ ስልክ ላይ ድምፅዎ ወፍሮ ነበር፤ ብርድ መታዎት?»

«እኔ መች አነጋገርኩሽ» አሉ አያ ጥሩነህ። «እሳቸው ናቸው።»

የደንቢያ ጥቁር አፈር በበጋ እየተሰነጠቀ ሰው እስከ ጉልበቱ ይውጣል ይላሉ። ያን ቀን አሥር ጊዜ መሬቱን ቃኘሁ፤ ለእኔ የሚበቃ ስንጥቅ አላገኘሁም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

አያ መኳንንት እኔን እጅ ነስተው አለፉኝና አሮጊቷን ዞሯት። ጠርዙ ወደ ውስጥ የተቀጠቀጠውን ፓራፋንጎ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከሥሯ ሁለት እግሮች ይታያሉ።

«ና ውጣ፣ ልጄ» አሉ።

ይስማው ግማሽ ፊቱ ግራሶ፣ ግማሽ ፊቱ አቧራ ሆኖ ወጣ። አማቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እንዲህ ሆኖ ነው። እጁን ሊዘረጋ ፈለገና ጥቁረቱን አይቶ መልሶ ከኋላው ደበቀው።

«የራሷን እግር ምነው አወለቅህባት?»

«እርስዎ ቤት ታሳፍረኛለች ብዬ ነው፣ አያ።»

«ታዲያ አሳፈረችህ?»

ይስማው አሮጊቷን አየ። እኔን አየ። ልጄ ሰበብ ሲፈልግ ቅንድቡ ይነሳል፤ አውቀዋለሁ። አልተነሳም።

«እኔ ነኝ ያሳፈርኳት» አለ።

ማሩ ሳይቀር መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። አያ መኳንንት ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው እንደ ደንቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ዘመድ ላማክር» አሉ።

አራት ምልልስ ታየኝ። አራት ጊዜ በዚህ መንገድ፣ በእነዚያ እግሮች፣ በዚያ እግዚኦታ። ጠፋሁ፤ ሁሉ ከእኔ አፍ የመጣ መሰለኝ፤ መሆኑም አልቀረ።

«አያ መኳንንት» አልኩ፣ «ስልክ ላይ ያልኩትን በልጁ አይያዙበት። እኔ ነኝ አፈ ልቅ።»

«እመት» አሉ፣ «ሽማግሌዎችዎ ልጁ መልአክ ነው ብለውኛል። መልአክ ለልጄ አይሆናትም፤ ሆስፒታል ውላ መጥታ ክንፍ አታጥብም። እርስዎ ግን ጉድለቱን ነገሩኝ። የማውቀው ጉድለት ይሻለኛል።»

ይህ ምስጋና መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ። ምስጋና ከሆነ ደግሞ ባልተሟላ መረጃ መመስገን አልወድም።

«እንዲያውስ ሁሉንም አልነገርኩዎም» አልኩ። «ሌላም አለ። ሲተኛ...»

«እማዬ!» አለ ይስማው።

አያ መኳንንት ጋሪው ላይ አንድ እግራቸውን አንስተው ነበር። «ሌላውን ለመልሱ ያስቀሩልን» አሉ።

ጋሪዋ ተንቀሳቀሰች። እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ለመልሱ? ሽማግሌም ሲመለስ የሚጠብቀው መልስ ነው፤ ከሠርግ በኋላ ሙሽሮች ተጠርተው የሚበላውም መልስ ነው። የትኛው? ሰው በዚህ ጥያቄ እንዴት ያድራል? ነጠላዬን ሰብስቤ ከጋሪዋ ኋላ ሮጥኩ።

«አያ መኳንንት! የሚሰማው መልስ ነው ወይስ የሚበላው?»

ዞር እንኳ አላሉም።

«ለሚሰማውማ በግ አላደልብም!» አሉ።